በሽማግሌ የተፈረመ የእርቅ ውል በቀጥታ ይፈጸማል?

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አንዱን የስፌት መኪናዬን ለሙያ ባልደረባዬ በ38,000 ብር በዱቤ ሸጬለት 14,000 ብር ብቻ ስለከፈለኝ፣ ክስ ከመመሥረቴ በፊት ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች አስቀምጠውን፣ ቀሪውን 24,000 ብር በየወሩ 6,000 ብር እያደረገ በአራት ወር ሊከፍል ተስማማን። ስምምነቱ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሲሆን ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ፈርመዋል፤ እሱ እንዲያውም ከፊርማው አጠገብ የአውራ ጣቱን አሻራ አኑሯል። የመጀመሪያውን ወር ከከፈለ በኋላ ግን ፍርድ ቤት ያላየው ወረቀት አያስገድደኝም ብሎ አቆመ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ስለሚደነግግ፣ ይህንኑ ይዤ የአፈጻጸም ማመልከቻ ላስገባ ብሄድ፣ ያለ ፍርድ የአፈጻጸም መዝገብ አይከፈትም ተብዬ ተመለስሁ። ክሱን የተውሁት የሽማግሌዎቹን ቃል አክብሬ በመሆኑ ነገሩ በጣም ከብዶኛል።

ይህን የእርቅ ውል ፍርድ ቤት አጽድቆልኝ በቀጥታ ማስፈጸም እችላለሁ፣ ወይስ ለቀሪው 18,000 ብር ውሉን ማስረጃ አድርጌ አዲስ ክስ መመሥረት ይኖርብኛል?