በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ፦ ከጥምቀት በፊት ምን ላድርግ?

የማራኪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የሃውስኪፒንግ ኃላፊ ነኝ።

በቅርቡ አንዷ የጽዳት ልጅ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት ስታጸዳ ክፉኛ ሳል ያዛት። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ደረቷን ይዛ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላለች። ጉንፋን መስሏት ነበር። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ነገሩ ወጣ። የመቀመጫውን ቢጫ ነገር ለማስለቀቅ አሲድ ደፍታለች። ሽታው እንዲጠፋ ብላ ከላዩ በረኪና ጨመረችበት። በዚያ ቀን ውሃ አልነበረም። የከተማችንን ውሃ ታውቁታላችሁ። ሲጠፋ በጀሪካን ቀድተን ነው የምንሠራው። ልጆቹ ውሃ ለመቆጠብ ሲሉ አሲዱን በደንብ ሳያለቀልቁ ወደ በረኪናው ያልፋሉ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ አሁን ደህና ናት። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ አንድ በአንድ አየሁ። በረኪናው በሃይላንድ ተቀድቷል። አሲዱም በሃይላንድ ነው። ካስቲክ ሶዳው በፌስታል ታስሮ ከሳሙና ዱቄቱ ጎን ተቀምጧል። አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። እዚያው መደርደሪያ ላይ የልጆቹ ምሳ ዕቃና የሚጠጡት ውሃ አለ። የሚጠጡት ውሃም በሃይላንድ ነው!

ለባለቤቱ ስነግረው «ማስክ ግዢላቸው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ በቃ ይበቃል ብሎ ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ለጥምቀት ክፍሉ ሁሉ ይሞላል። በቀን ሒሳብ የሚሠሩ አዳዲስ ልጆችም ይገባሉ፤ ብዙዎቹ አሲድ ነክተው አያውቁም።

የአደጋ ግምገማ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ባለሙያ ሳልቀጥር እኔው ልሠራው እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

የሙያ ጤና፦

እህቴ፣ እንኳን ልጅቷ ተረፈችልሽ። የአካባቢና የሙያ ጤና ባለሙያ ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር። ያው የሥራ ቦታ እየዞሩ ማየት ነው ሥራዬ።

ልጅቷ የተነፈሰችው ክሎሪን ጋዝ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ይወጣል። ከአየር በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጎንበስ ብላ የምትፈትግ ልጅ ደግሞ ፊቷ እዚያው ነው። ከፍ ያለች ትንሽ መስኮት ከፍቶ መሥራት ብዙም አይረዳም። ሌላም ነገር አለ። ብዙ የተነፈሰ ሰው ለጊዜው ተሽሎት ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠመ «ተሻለኝ» ስላለች ብቻ ቤቷ ብቻዋን አትላኪያት። ትንፋሽ ካጠራት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

አቼቶም አሲድ ነው፣ ከበረኪና ጋር ያው ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ጋዝ ይወጣል። ውሃ ጠፍቶ ሽንት የተጠራቀመበት መቀመጫ ላይ በረኪና ሲደፋ የሚያፍነው ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ አንቺው ትሠሪዋለሽ። ደብተርና እስኪብርቶ ያዢ፣ ከአንዷ ልጅ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ክፍል በክፍል ዙሪ። ዕቃ ቤት ቁጭ ብለሽ ዝርዝር መጻፍ ግምገማ አይደለም። በእጇ የምትነካውን ሁሉ ጻፊ። ትደፋዋለች ወይስ ትረጨዋለች? ከምን ጋር ትቀላቅለዋለች? ክፍሉ መስኮት አለው? ስንት ሰዓት እዚያ ትቆያለች? ውሃ የሌለ ቀን ምን ትለውጣለች? ይህን የመጨረሻውን እንዳትረሺው። የእናንተ ቤት ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ልጆቹን ለየብቻ አነጋግሪያቸው። እጅሽ ይሰነጠቃል? ደረትሽ ያፍንሻል? የዕረፍት ቀንሽ ይሻልሻል? የዕረፍት ቀን ተሽሏት ሥራ ስትገባ የሚመለስባት ልጅ ካለች በሥራዋ የመጣ አስም ሊሆን ስለሚችል ትመርመር።

ማስክ ያልሽው ላይ ልክ ነሽ። የጨርቁም የሆስፒታሉም ማስክ ጋዝ አያስቀርም። ጋዝ የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው፣ እሱም ማጣሪያው እያለቀ ይለወጣል። የጨርቁን አድርጋ «ተጠብቄያለሁ» ብላ እዚያ ውስጥ የምትቆይ ልጅ የባሰ ትጎዳለች። ማስክ በመጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ኬሚካል የግድ ያስፈልገናል?» ነው። ለወለልና ለግድግዳ የየቀኑ ጽዳት ሳሙና ይበቃል። ያ ቢጫ ነገር አብዛኛው የውሃው ኖራ ነው። በየቀኑ በብሩሽ ከተፈተገ አይጋገርም፣ አሲዱም አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። በዚያችም ቀን የሠለጠነች አንዲት ልጅ ብቻ ትያዘው፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን፣ በረኪና ወደዚያ ፎቅ አይውጣ። ውሃ በሌለበት ቀን ደግሞ አሲድ ጨርሶ አይነካ። አንድ ሕግ ብቻ አውጪ ብትይኝ የማወጣው ይህንን ነው።

ሃይላንዶቹን ዛሬውኑ አስወግጂ። ኬሚካል በመጣበት ዕቃው ይቀመጥ። የሚበጠበጠው በረኪና ሌላ ዕቃ ካስፈለገው ስሙና ቀኑ በአማርኛ ይጻፍበት። መለያው 5% የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ 0.5% ይሰጥሻል፣ ለሽንት ቤት ከበቂ በላይ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ።

አቅራቢውን ለእያንዳንዱ ኬሚካል የደህንነት መረጃ ወረቀት ጠይቂው። 16 ክፍል አለው። ጊዜ ከሌለሽ 4ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን አንብቢ፦ የመጀመሪያ እርዳታ፣ መከላከያ ልብስ፣ ከምን ጋር እንደማይገናኝ።

የላውንደሪዋ እናት፦

ልጄ፣ የባለሙያው ነገር ሁሉ እውነት ነው። እኔ ብዙ ዘመን የሆቴል አንሶላ ያጠብኩ ነኝ፣ ከሴቶቹ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ልጆቹ ጓንት የማያደርጉት ጠልተውት አይደለም። የሚገዛላቸው የወንድ ልክ ነው፣ ይወልቃል። አንዱ የተቀደደ ለሦስት ሰው ይዞራል። ለያንዳንዷ በልኳ፣ ስሟ ተጽፎበት ይሁን። ሸበጥ አድርገው አሲድ እንዳይነኩ፣ ቦቲ ግዢላቸው። ካስቲኩን ደግሞ ምንጊዜም ወደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ በትንሹ ነው የሚጨምሩት። ካስቲክ ላይ ውሃ የደፋ ሰው ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። የዓይን መነጽር ያኔ ነው የሚያስፈልግ።

ትልቁን ነገር ልንገርሽ። በቀን ሒሳብ የምትሠራ ልጅ አሞኛል አትልም። ነገ አትምጪ እንዳትባል ትፈራለች፣ ሳሏን ውጣ ትሠራለች። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ በተሰበሰቡበት ቆሞ «ያመማት ትናገር፣ በዚህ ማንም ከሥራ አይወጣም» ይበላቸው። አንቺ ብትነግሪያቸው አያምኑሽም፤ ደመወዙን የሚከፍለው እሱ ነው።

የአዘዞ ቀለም ቀቢ፦

እኔ ጋራዥ ነኝ፣ በቲነርና በመኪና ቀለም ነው የምውለው። አለቃዬን ያሳመንኩት በወጪ ነው። የቲነር ጣሳ ክፍት ሲውል ስንት እንደሚተን አሳየሁት። ክዳን ሲኖረው፣ በመለኪያ ሲቀዳ፣ ግዢው ቀነሰ፣ እኛንም ራስ ምታቱ ቀለለን። የአንቺም ልጆች በረኪና በግምት ነው የሚደፉት። ኩባያ ስጫቸው፣ የወሩን ግዢ ለባለቤቱ አሳዪው።

የማራኪዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እትዬ፣ የጓንቱ ነገር ልክ እንደተናገሩት ነው፤ አሁን ወርጄ አየሁት።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ባለቤቱ «ይህ ሁሉ ሕግ ያስገድደኛል ወይ?» ብሎኛል። ሌላው፣ ውሃ በሌለበት ቀን ዓይን ውስጥ ቢረጭስ?

የሙያ ጤና፦

ያስገድደዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አሳዪው። መከላከያ ዕቃ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋም ይመዘገባል፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይነገራል። የዚያችን ልጅ ነገር በቀኑና በሰዓቱ ጽፈሽ ያዢ።

ለዓይን፦ በየፎቁ ንጹሕ ውሃ የሞላ፣ የተከደነ ጀሪካን አስቀምጪ። ሁለት ቢሆን ይሻላል። «ለዓይን ብቻ» ተብሎ ይጻፍበት፣ በየሳምንቱ ይለወጥ። ቡና ለማፍላትም ቢሆን አይቀዳ። ዓይን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ሽፋሽፍቱ ተከፍቶ፣ ቀስ እየተባለ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም መለያውን ይዛችሁ።

ክፍል ውስጥ ጋዝ ከተነሣ ደግሞ ልጆቹ ወዲያው ወጥተው ይራቁ። በሩ ክፍት ይተው። ትንፋሽ ይዞ ተመልሶ ውሃ ለመድፋት መግባት የለም። አዲሶቹ ልጆች ከመጀመሪያው ክፍላቸው በፊት ይህንን ይለማመዱት፤ በባዶ ባልዲ አሠሪያቸው፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

የማራኪዋ፦

እሺ ወንድሜ። ነገ ጠዋት ከሁለተኛ ፎቅ እጀምራለሁ፣ ከልጅቷ ጋር። ለአቅራቢው ደውዬ ወረቀቶቹን ጠይቄያለሁ፤ የበረኪናው አለኝ ብሏል፣ የአሲዱ የለኝም አለ። ወረቀት ከሌለው አሲድ አንገዛም ብዬዋለሁ። መለያው የተሟላ የሚሸጥ ሱቅ ፒያሳ ወይም አራዳ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።