ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ፖድካስት ለመቅዳት ስቱዲዮ ይሻላል ወይስ የራስ ማይክ?

የጦሳዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም የወሎ ልጆች። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፣ ደሴ ላይ በግሌ እሠራለሁ። ሰው ጭንቅ ቢይዘውም ቢሮ መምጣት ይከብደዋል። «አበደች ይሉኛል» ብላ ከበር የምትመለስ አለች። መጀመሪያ ድምፄን ቢለምዱት ብዬ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ሐዘን አጠር ያለ ፖድካስት፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደመጥ ተከታታይ ዝግጅት፣ ልጀምር ነው። በጀቴ 15 ሺህ ብር ገደማ ነው። ስቱዲዮ ልከራይ ወይስ ማይክ ልግዛ?

የገራዶ ልጅ፦ ማይክ ግዢ። ስልክ ላይ የምትሰካው ቦያ ኤም1 ለጀማሪ ትበቃለች። ኮሌታ ላይ ትያዛለች፣ ገመዷ 6 ሜትር ነው። ስልክሽ የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው ግን ማገናኛውን አብረሽ ግዢ።

የአጎቴ ሱቅ፦ ፒያሳ አጎቴ ጋ ሂጂ። ሌላ ቦታ አትልፊ።

የገራዶ ልጅ፦ አጎትህ ማይክ ይሸጣል እንዴ? እኔ ያየሁት ቻርጀርና የስልክ ከቨር ነው።

የአጎቴ ሱቅ፦ ካዘዝከው ያስመጣል። ታማኝ ሰው ነው።

አቦል ቶና፦ ይገርማል። የኛ ሰፈር እናቶች ረከቦት ዘርግተው ስንቱን ባልና ሚስት አስታረቁ፣ ማይክ የጠየቀች የለችም። አሁን ደግሞ ለመመከር ዳታ ልንገዛ ነው?

የጦሳዋ፦ ቡናውን ማን ይጠላል ወንድሜ። ግን ጠዋት ቡና ላይ የተነገረ ማታ ሰፈሩን አዳርሶ ያድራል።

ሰሚ አጣሁ፦ ስቱዲዮ የሚባል ነገር ባፍንጫዬ ይውጣ። ስለ እናቴ ሞት ልናገር ብዬ አንድ ቤት ገብቼ ተቀዳሁ። ሙሉውን ቅድሚያ ከፈልኩ። በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ደውላ «ቲክቶክ ላይ ስታለቅሺ አየሁሽ» አለችኝ። ለካ ቀጂው ቆርጦ፣ ከሥሩ ዋሽንት ጨምሮ፣ ለራሱ ማስታወቂያ አድርጎታል! ስጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቪው አመጣልሽ እኮ።»

ኮምቦልቻዊ፦ የቱ ነው? ሸዋ በር አካባቢ ያለው ነው አይደል?

ሰሚ አጣሁ፦ ስም አልጠራም። አወረደው፣ ግን ሰው ሼር ካደረገው በኋላ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ አብሽሪ እህቴ። ውል ነበረሽ? ፋይሉ የማን እንደሆነ፣ ከቀዱ በኋላ እንደሚያጠፉት ካልተጻፈ ነገ ሌላ ያወጡታል።

የአጎቴ ሱቅ፦ አጎቴ እንዲህ አያደርግም።

የገራዶ ልጅ፦ አጎትህ ስቱዲዮ የለውም!!

ኮምቦልቻዊ፦ ስለ ቀረጻ ካነሳችሁ አይቀር፣ ኮምቦልቻ ላይ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጎበዝ ታውቃላችሁ? ጥር ላይ ነው። ድሮን ያለው ቢሆን።

ዝምተኛው፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሬዲዮ ላይ ድምፅ ሳስተካክል ነው የኖርኩት። እህቴ፣ ከማይኩ በፊት ክፍሉን ይዩት። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለበት ቤት ውስጥ ውድ ማይክም ያስተጋባል። መኝታ ቤት ይግቡ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይስቀሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ያንጥፉ። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ የጎረቤት ዶሮና የባጃጅ ጥሩምባ ሳይቀር ይለቅማል። ዳይናሚክ የሚባለው ግን ጠጋ ብለው ካልተናገሩበት ብዙም አይቀበልም፤ መንገድ ዳር ላለ ቤት እሱ ይሻላል። የተቀዳውን ማስተካከያው ኦዳሲቲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ በነፃ ይገኛል። በሞኖ (ግራና ቀኙ ሳይለይ በአንድ ድምፅ) በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት አድርገው ካወጡት ግማሽ ሰዓቱ 14 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ፓኬጅ ቆጥቦ የሚያዳምጥ ሰው ይመርቅዎታል። ስፖቲፋይ የሚባለው የሙዚቃና የፖድካስት መተግበሪያ ላይ በነፃ ይጫናል። ያንኑ ፋይል ቴሌግራም ቻናል ላይም ይልቀቁት፣ የኛ ሰው ያለው እዚያ ነው። የድሮ ማስተማሪያ ቪዲዮዎች «ጉግል ፖድካስት ላይ ተመዝገቡ» ቢሉዎት አይልፉ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

የጦሳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የክፍሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ነርስ ነኝ። ከማይኩ ይልቅ የታካሚ ታሪክ ያሳስበኛል። ስም መቀየር አይበቃም። «መንታ የወለደች፣ ባሏ የጂቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ አንዲት ሴት» ካልሽ ከገራዶ እስከ ቦሩ ሜዳ ያውቃታል። አሁን የምትከታተይውን ሰው እንግዳ አድርገሽም አታቅርቢ። ደስ ብሎኛል ቢልም አንቺን እምቢ ማለት ይከብደዋል። መግቢያው ላይ ትምህርት እንጂ ሕክምና አለመሆኑን ተናገሪ። ሰው ኮሜንት ላይ ምልክቱን ዘርዝሮ «ምኔ ነው?» ቢልሽም እዚያው መልስ አትስጪ።

የጦሳዋ፦ የሹፌሩ ሚስት አሳቀችኝ፣ ግን እውነትሽን ነው። ምሳሌውን ራሴ ፈጥሬ፣ የፈጠርኩት መሆኑን እናገራለሁ።

አቦል ቶና፦ መግቢያ ሙዚቃውስ? በትዝታ እንዳትከፍቺው፣ ሰዉ ገና ሳትጀምሪ ያለቅሳል።

ሰሚ አጣሁ፦ ዋሽንት ደግሞ በጭራሽ።

ኮምቦልቻዊ፦ ባቲ ይሁን!

የገራዶ ልጅ፦ ደሴ ተቀምጣ ባቲ? አምባሰል እያለ? የታወቀ ዘፈን ግን አትውሰጂ፣ ዩቲዩብ ላይ የመብት ጥያቄ ያመጣብሻል። ክራር የሚጫወት ልጅ ፈልገሽ ግማሽ ደቂቃ ያስቀዳሽ።

ኮምቦልቻዊ፦ የድሮኑስ ነገር? የሚያውቅ የለም?

ዝምተኛው፦ የጦሳዋ፣ በመጨረሻ የቱን ወሰዱ?

የአጎቴ ሱቅ፦ አጎቴ እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው። እኔ ነኝ የላክሁሽ በይው።