እትብት ቀድሞ ሲወጣ፦ ስፓይናል (በጀርባ መርፌ ማደንዘዝ) ወይስ ጂኤ (ሙሉ ሰመመን)?

ሰመመን_ተረኛ
ሰላም ባልደረቦች። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሌሊት፣ የሰመመን ባለሙያ አንድ ብቻ። ምጥ ላይ ያለች እናት እትብት ወጥቶባት የፅንሱ ልብ ምት 80 ነው ተብሎ ለሲኤስ (በቀዶ ጥገና ለማዋለድ) ትመጣለች። ደም አልፈሰሳትም፣ ግፊቷ 120/75። ቀዶ ሐኪሙ «ጊዜ የለም፣ አስተኛት» ይላል። እጅ ላይ ያለው ሄቪ ቡፒቫኬይን (የስፓይናል ማደንዘዣ)፣ ኬታሚን (በመርፌ የሚያስተኛ)፣ ሳክሲኒልኮሊን (ጡንቻ የሚያላላ)፣ ሃሎቴን (በትንፋሽ የሚሰጥ ሰመመን) እና አድሬናሊን ነው፤ ግፊት የሚያነሳው ፌኒሌፍሪንም ሕመም የሚያስታግሰው ፌንታኒልም የለም። ስፓይናል መሞከር ጊዜ ማባከን ነው? ኬታሚን ብቻ ሰጥቶ በማስክ ማስጨረስስ?

ጎን_ለጎን
መጀመሪያ እትብቱ ላይ ያለው ጫና ይነሳ። አዋላጇ እጇን ሳታወጣ የፅንሱን ጭንቅላት ወደ ላይ ትደግፍ፤ ወይም በፎሊ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) 500 ሲሲ ሳላይን ወደ ሽንት ፊኛ ገብቶ ካቴተሩ ይታሰር። ከዚያ ኦፕሬሽን ጠረጴዛው ላይ የልብ ምቱ እንደገና ይደመጥ። ብዙ ቦታ የሚዘለው ይህ ነው፤ ቀድሞ ምጥ ክፍል በተሰማው የልብ ምት ተመርኩዞ ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) ውስጥ ይወሰናል። ምቱ ከ110 በላይ ተመልሶ ከቆየ ስፓይናሉን ተረጋግተህ ሥራ። እዚያው 80 ላይ ከቀረ አንድ ሙከራ ብቻ፣ ካልገባ ወዲያው ጂኤ።

ስፓይናሉን በጎኗ አስተኝተህ ስጥ፤ ከተቀመጠች ጭንቅላቱ ወርዶ እትብቱን ይጫናል። ስቴራይል ጓንት በቂ ነው፣ ጋውን አትጠብቅ፤ ቆዳው አንዴ ተጠርጎ ይድረቅ። ፌንታኒል ስለሌለህ 0.5% ሄቪ ከ2.2 እስከ 2.5 ሲሲ። አንተ ጀርባዋ ላይ ስትሠራ ሌላ ሰው ኦክስጅን በማስክ ይያዝላት፤ ወደ ጂኤ ብትዞር ያ ጊዜ አይባክንም። እንደዚህ ባለ ጥድፊያ ድንዛዜው እምብርት ጋ ደርሶ እየወጣ ከሆነ መጀመር ይቻላል፣ ጂኤው ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ስፓይናሉ ግፊቷን ከጣለ 1 ሚ.ግ. አድሬናሊን በ100 ሲሲ ሳላይን በርዝ፤ አንዱ ሲሲ 10 ማይክሮግራም ይሆናል። ከ0.5 እስከ 1 ሲሲ እየሰጠህ በየደቂቃው ለካ። ሲሪንጁ ላይ መጠኑን ጻፍ፤ ያልተበረዘው ከጎኑ ከተቀመጠ አደጋ ነው። ጠረጴዛው ወደ ግራ ማዘንበሉም አይረሳ።

ፊኛው ደግሞ ሆድ ከመከፈቱ በፊት ይፍሰስ፤ ሞልቶ ከቀረ ምላጩ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ቱቦ_7
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ «አንድ ሙከራ» የሚለው ግን ድርቅ ያለ ሕግ ይሁን። ሁለተኛ መርፌ ላይ ስትታገል ሰዓቱን የሚያይልህ የለም።

ኬታሚን ብቻ ሰጥቶ በማስክ? ምጥ ላይ ያለች እናት ጨጓራዋ ሙሉ ነው። ኬታሚን ትንፋሽ አያቆምም ማለት የመተንፈሻ ቱቦዋን ከትውከት ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ የሚያበዛው ምራቅም ላሪንጎስፓዝም (የጉሮሮ በድንገት መዘጋት) ይጋብዛል።

ጂኤ ከሆነ ሆዷ ተጠርጎ፣ ተሸፍኖ፣ ሐኪሙ ምላጭ ይዞ እስኪቆም አታስተኛት። የላይኛው ሰውነቷ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ ሦስት ደቂቃ ኦክስጅን፤ ካልቻለች ስምንት ጥልቅ ትንፋሽ። ሰክሽኑ (መምጠጫው) ትራሷ ሥር እየሠራ ይቀመጥ። ኬታሚን ከ1 እስከ 1.5 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ተከትሎ ሳክሲኒልኮሊን ከ1 እስከ 1.5 ሚ.ግ. በኪሎ። ሳክሲው ፍሪጅ ውስጥ የነበረ መሆኑን እይ፤ ውጭ ሲሰነብት ኃይሉ ይቀንሳል። የመተንፈሻ ቱቦ ቁጥር 7፣ ከጎኑ 6.5 ከስታይሌት (ቱቦውን ቅርጽ የሚያስይዝ ሽቦ) ጋር፤ የነፍሰ ጡር ጉሮሮ ያበጠ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክረህ ካልገባ ጮክ ብለህ ተናገርና ኤልኤምኤ (ጉሮሮ ውስጥ የሚቀመጥ የአየር ማስክ) አስገባ። ኦክስጅኗ ከያዘና ፅንሱ አሁንም አደጋ ላይ ከሆነ ቀዶ ጥገናው በዚያው ሊቀጥል ይችላል።

ሃሎቴን ማህፀን ያላላል። ሕፃኑ እንደወጣ ከ0.5% በታች አውርደው፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር) 3 ዩኒት ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በድሪፕ። 10 ዩኒት ባንዴ በደም ሥር መስጠት ግፊት ይጥላል።

ሰመመን_ተረኛ
ስፓይናሉ ገብቶ ድንዛዜው ግማሽ ላይ ቢቆምስ? ልድገመው?

ጎን_ለጎን
በዚህ ኬዝ አትድገም። የመጀመሪያው መድኃኒት አሁንም እዚያው አለ፤ ሙሉ መጠን ከላዩ ከጨመርክ ሃይ ስፓይናል (ድንዛዜው ከልክ በላይ ወደ ላይ መውጣት) ትጋብዛለህ። የፅንሱ ልብ ምት ከወደቀ ጂኤ። ምቱ ደህና ከሆነ ጭንቅላቷን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና ጡት ጫፍ ደረጃ መድረሱን በቀዝቃዛ ነገር ፈትሽ። እጅህን አጥብቃ መጨበጥ ካቃታት ወይም ድምፅዋ ሹክሹክታ ከሆነ ግን ወዲያው መተንፈሻዋን ደግፍ፣ አስፈላጊ ከሆነም ቱቦ አስገባ።