ሁለተኛ ቤት ልከፍት ነው፤ ሸሪኩን ልቀበል?

ባለ ቁርስ ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያት አደባባይ አካባቢ ቁርስና ምሳ ቤት አለኝ። ጠዋት ጨጨብሳ፣ ፉልና እንቁላል ፍርፍር። ምሳ ላይ ሽሮ፣ ምስርና ጥብስ። ደንበኞቼ ባብዛኛው ከባቡሩ የሚወርዱ ሰዎችና የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቱ ይሠራል። አሁን አንድ ደንበኛዬ "ለገጣፎ ላይ ቦታ አለኝ። ገንዘቡን እኔ፣ ሙያውን አንቺ፣ እኩል እንካፈል" አለኝ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ባሌ ግን "የሰው ብር የሰው ነው" እያለ ያስፈራራኛል። ከሸሪክ ጋር ጀምራችሁ ወደ ሁለትና ሦስት ቤት ያሳደጋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምን ምን ተነጋግሬ ልግባ?

ናቲ የሲኤምሲው፦
ግቢበት! ማርከስ ሳሙኤልሰንን እዪው። እዚህ ተወልዶ በማደጎ ስዊድን ያደገው ሼፍ። ሀርለም ላይ ሬድ ሩስተርን በፈረንጆቹ 2010 ሲከፍት ከሸሪኩ ከአንድሩ ቻፕማን ጋር ነው። ከዚያ በኋላ በቤት ላይ ቤት ጨመረ። አሁን እኛ ጋ ንግድ ባንክ ሕንፃ ላይም ከፍቷል። ብቻውን ቢሆን እዚያ ይደርስ ነበር?

የአለም ገናዋ፦
እህቴ፣ እኔና ሸሪኬ በጅማ መንገድ ሦስት ቤት አለን። ድሮ አንድ ሆቴል ነበር የምንሠራው፤ እሷ ካሸር፣ እኔ ወጥ ቤት። ናቲ፣ ማርከስን ካነሣህ አይቀር "መርካቶ 55" የሚባለውን ምግብ ቤቱንም አንሣ እንጂ። በፈረንጆቹ 2008 ኒውዮርክ ላይ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ለቆ ወጣ። ያኔ እኮ ስሙ የገነነ ሰው ነው። አክዋቪት የሚባል ምግብ ቤት ሼፍ እያለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣን ሦስት ኮከብ ያገኘ ሰው ነው። ሙያ ብቻውን ሽርክናን አያጸናም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። "ሙያውን አንቺ" ሲልሽ መልሰሽ ጠይቂው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩን የሚከፍተው ማነው? ማታ ሒሳብ የሚዘጋውስ? እኛን ያጨቃጨቀን ምግቡ አልነበረም። ዘመዶቿ በልተው "በሷ ያዙልኝ" ይላሉ። የኔ ወንድምም ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። አስተናጋጆቹ ማንን ሒሳብ እንደሚጠይቁ ግራ ገባቸው። ዛሬ እኔም ብበላ እከፍላለሁ። ያኮረፈ ዘመድ አለ። ያኩርፍ።

ሌላው ትልቁ ነገር ቁሌቱ ነው። ሁለተኛውን እንደከፈትን ደንበኛው "የዚያኛው ቤት ወጥ ይሻላል" ይለን ጀመር። እጅ ይለያያላ! አሁን ቁሌቱ የሚቁላላው አለም ገና ብቻ ነው። ሌሊት ተሠርቶ ጠዋት በባጃጅ ይሄዳል። በርበሬውም ሽሮውም አንድ ቦታ ተዘጋጅቶ አንድ ወፍጮ ነው የሚፈጨው። እዚያ ያሉት ልጆች ሥጋውን ወይ ምስሩን ጨምረው ያወጣሉ፣ አለቀ። አንቺ እኮ አያትም ለገጣፎም በአንድ ጠዋት ልትገኚ አትችዪም።

ቀኑንም አስቢበት። በሁዳዴ ዋዜማ እንዳትከፍቺ። 55 ቀን ሙሉ ጥብስ የለም፣ እንቁላል የለም። ኪራዩ ግን አይጾምም። መስከረምም እንደዚያው ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሰውን ኪስ ሙልጭ ያደርገዋል። እኛ ሦስተኛውን ፋሲካ እንዳለፈ ነው የከፈትነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
በቃል እንዳትገቢ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ዕዳ ቢመጣ የሚነካሽ ባዋጣሽው ልክ ነው። የኅብረት ሽርክና ከሆነ ግን ቤትሽ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ብቻዬን ልሥራ ካልሽም ይቻላል፤ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ከሁሉ በላይ የወጥ ቤት ደመወዝሽ ከትርፍ ክፍፍሉ ተለይቶ ይጻፍ። አለዚያ ትርፍ በሌለበት ወር በነጻ ነው የምትሠሪው፤ እሱ ግን ቤቱ ተኝቷል። ሌላው፣ አያት አዲስ አበባ ነው፣ ለገጣፎ ሸገር ከተማ። የአያቱ ፈቃድ እዚያ አያሠራሽም፤ የራሱ ይውጣለት።

ባለ ቁርስ ቤቷ፦
ኧረ ተባረኩ። የደመወዙ ነገር ጭራሽ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰውዬው ነገ ለቁርስ ሲመጣ አነሣበታለሁ። የአለም ገናዋ፣ ቁሌቱ ግን መንገድ ላይ አይበላሽም?

የአለም ገናዋ፦
በደንብ ከበሰለና ውሃው ከተመጠጠ ምንም አይለውም። ክዳኑ ጥብቅ በሚል ባልዲ ነው የምንልከው። በዘይት ብቻ አቁላዪው፣ ቅቤውን እዚያው ሲያወጡ ይጨምሩበት። ያኔ ያው አንዱ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ይሆንልሻል።