በጅምር የቀረ ስካይቦልት አውሮፕላን ገዛሁ፤ ጨርቁን ላልብሰው?

ጠያቂ (ዴንቨር)፦ ሰላም ወገኖች። ከአንድ ጡረተኛ ላይ 20 ዓመት የቆመ ስካይቦልት ገዝቼ ጋራዥ አስገባሁ። ለማታውቁት፣ ባለድርብ ክንፍ ሆኖ ሁለት ሰው ይይዛል፣ አየር ላይ መገለባበጥም ይችላል። ላማር ስቲን የሚባል መምህር እዚሁ ዴንቨር ነድፎት በ1970 እ.ኤ.አ. በረረ። የብረት አካሉ ተበይዷል፣ የክንፎቹ እንጨትም አልቋል። ባለቤቴ «መኪናው ውጭ የሚያድረው እስከ መቼ ነው?» እያለች ነው። አካሉንና ክንፎቹን የሚሸፍነውን ጨርቅ ማልበስ ልጀምር? ግማሹን ሌላ ሰው ስለሠራውስ የመብረሪያ ፈቃድ ይከለክሉኛል?

ባለካውያው፦ ወንድሜ፣ ጨርቁን በሙቀት የምትወጥርበትን ካውያ አስቀምጠው! ጨርቅ ካለበስከው በኋላ ውስጡን ማየት መከራ ነው። የክንፉን ወጋግራ (ስፓር የምንለውን) በጨለማ፣ ባትሪውን ወደ ጎን አጋድመህ እየው። የእንጨቱን የተፈጥሮ መስመር በአግድም የሚያቋርጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ ያ ወጋግራ አለቀለት። በኮላ አይድንም።

ብየዳ ወዳጅ፦ እኔ የምፈራው ጅራቱን ነው። አውሮፕላኑ በጅራት ጎማው ዘቅዘቅ ብሎ ስለሚቆም፣ ቱቦ ውስጥ የገባ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ አያታልልህ። የታችኞቹን ቱቦዎች በሹል ብረት ጠቅ ጠቅ አድርግ።

ጠያቂ፦ ዴንቨር እኮ ደረቅ አገር ነው።

ብየዳ ወዳጅ፦ ጡረተኛው የት ነበር የሚያቆመው?

ጠያቂ፦ ፍሎሪዳ...

እማማ ሰነድ፦ በፈቃዱ አትጨነቅ። ሕጉ የሚጠይቀው አብዛኛው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሚሠሩ ሰዎች እጅ መሠራቱን ነው፤ የቀድሞው ሰውዬ ሥራም ይቆጠርልሃል። ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ። ፎቶውን፣ ደረሰኙን፣ የሥራ መዝገቡን ዛሬውኑ ከሰውዬው ተቀበል። በየዓመቱ ራስህ ለመመርመር የሚሰጠው የጥገና ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑን አብጠርጥረህ እንደምታውቀው ማሳመን አለብህ። ካልሆነ ለመካኒክ እየከፈልክ ታስመረምራለህ።

ባለካውያው፦ ጨርቁ ጋ ስትደርስ ደግሞ የካውያውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አትመን። መጀመሪያ በ250 ፋራናይት፣ መጨረሻ በ350። ከዚያ በላይ አታሙቀው።

ጠያቂ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ ወጋግራዎቹ ደህና ናቸው። ጅራቱ ጋ ግን ሹሉ ብረት አንዱን ቱቦ ዘልቆ ገባ። ቡናማ ውሃ ወረደልኝ። ብየዳ ወዳጅ፣ ቅዳሜ ቤት አለህ?

ብየዳ ወዳጅ፦ አለሁ። ቡና አፍላ፣ ጋዙን እኔ አመጣለሁ። መኪናው ግን ውጭ ይቆይ።