የክንፍ ሞዴሌ 12 ኪሎ ሳይደርስ እየተሰበረ አስቸገረኝ

የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ 90 ሳንቲሜትር የሚረዝም የአውሮፕላን ክንፍ ሞዴል ሠርቻለሁ። ሥሩን ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ ክንፉን ገልብጬ፣ አሸዋ በከረጢት እጭንበታለሁ። በበረራ ይገጥመዋል ብዬ ያሰላሁት ትልቁ ጭነት 8 ኪሎ ነው። እንደ እውነተኞቹ አውሮፕላኖች 1.5 እጥፉን፣ ማለትም 12 ኪሎ መቻል አለበት።

የመጀመሪያው 9.5 ኪሎ ላይ ቋ ብሎ ተሰበረ። ቦታው ከሥሩ በሦስተኛውና በአራተኛው ሪብ (የክንፉን ቅርጽ በሚይዙት አግዳሚ ክፍሎች) መካከል፣ የስፓሩ፣ ማለትም ክንፉን ከሥር እስከ ጫፍ የሚሸከመው አካል፣ የላይኛው ዘንግ ላይ ነው (ስለገለበጥኩት ወደ ወለሉ የዞረው)። የታችኛው፣ የሚሳበው ዘንግ ጭረት እንኳ የለውም። ኮላውም አልለቀቀም። በስልክ የቀረጽኩትን ቪዲዮ አዝግሜ ሳየው ዘንጉ መጀመሪያ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ከዚያ ነው የተሰበረው። ስለዚህ ውፍረቱን ከ3 ወደ 5 ሚሊሜትር አሳድጌ ሁለተኛ ክንፍ ሠራሁ። እሱም 10 ኪሎ ላይ፣ እዚያው ቦታ!

የኤርባስ ኤ380 ክንፍም በ2006 ሙከራ 1.45 እጥፍ ላይ ተሰብሮ፣ ተጠናክሮ ነው ያለፈው። እኔ ግን ብዙ ማጠናከር አልችልም። የክብደት ገደቤ 400 ግራም ነው፤ አሁን 370 ደርሻለሁ። ዘንጎቹ ኮምፔርሳቶ ናቸው። ሪቦቹ በ12 ሳንቲሜትር ይራራቃሉ። በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል ከሪቦቹ ሌላ ምንም የለም።

በቀረችኝ 30 ግራም ሪቦቹን ላቀራርብ ወይስ ሁለቱን ዘንጎች በስስ ግድግዳ ላያይዝ?