ሁለት ቅርንጫፍ ላለው ፋርማሲ ሲስተም ስሠራ ክምችቱን እንዴት ልያዘው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ደሴ ውስጥ ሁለት ፋርማሲና አንድ መጋዘን አላት። ሦስቱን የሚያገናኝ ሲስተም እየሠራሁላት ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ ዋጋና ብዛት የሚይዝ አንድ ሠንጠረዥ አለኝ። ሲሸጥ ብዛቱን እቀንሳለሁ። ይበቃል? መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ?

መልስ (ፋርማሲስት)፦
አይበቃም ወንድሜ። አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ፓኮ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም አለ። አምራቹም አንድ ነው። ባች ቁጥራቸው (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) ግን ይለያያል፤ ዘግይቶ የገባው ቀድሞ ኤክስፓየር ያደርጋል። መውጣት ያለበትም እሱ ነው። ያንተ ሠንጠረዥ «200 ፍሬ አለ» ቢለኝ ምን ይረባኛል? አንድ ባች ችግር ተገኝቶበት ይሰብሰብ ቢባልስ ለማን እንደሸጥኩት በምን አውቃለሁ? ስለዚህ መድኃኒቱ ለብቻ፣ ባቹ ለብቻ ይመዝገብ። የግዢ ዋጋም ከባቹ ጋር ይሂድ፤ በየግዢው ይለዋወጣላ።

ብዛቱን በፍሬ ያዝ። ሰው አንድ ስትሪፕ ብቻ ስጡኝ ይላል፤ በፓኮ ከመዘገብክ ሂሳቡ ይበላሻል።

አደራህን ደግሞ ቀኑን! ፓኮው ላይ ያለው በፈረንጆች ነው። ሌላውን በእኛ አቆጣጠር ብታሳይ ደስ ይለናል፤ ይሄን ግን እንደታተመው ተወው። 08/2027 ብቻ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ያገለግላል።

መልስ (ፕሮግራመር)፦
በእሱ ላይ፣ «ብዛት» የሚለውን ዓምድ አጥፋው። ቢን ካርድ፣ ማለትም መጋዘን ውስጥ ለየዕቃው የሚያዘውን የክምችት ካርድ፣ አይተህ ታውቃለህ? ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ማንም ቀሪውን ፍቆ አያስተካክልም፤ አዲስ መስመር ይጽፋል። ዳታቤዝህም እንደዚያው ይሁን፤ ቀሪው ከገቢና ወጪ መስመሮቹ ይሰላ። ተመላሽ፣ ብልሽት፣ የቆጠራ ልዩነት፣ ሁሉም የራሱ መስመርና የሠራተኛው ስም ይኑረው።

ኔትወርኩም በዚህ ይቀላል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እዚያው ያለ ዳታቤዝ ይኑረው፤ የሚሸጠው የራሱን ክምችት ብቻ ነው። መስመሮቹ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካሉ። የመስመሩ መለያ ላይ የቅርንጫፉን ኮድ ጨምር፣ እንዳይጋጩ።

ጠያቂ፦
ገባኝ፣ ተባረኩ። ከመጋዘን ወደ ቅርንጫፍ ሲላክስ?

መልስ (ፋርማሲስት)፦
ሁለት ደረጃ አድርገው። መጋዘኑ ወጪ ሲያደርግ «በመንገድ ላይ» ይባል። ቅርንጫፉ ቆጥሮ ሲረከብ ገቢ ይሁን። ኢንሱሊን ከሆነ ተቀባዩ የቅዝቃዜውን መጠንም ይመዝግብ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ (ሱስ ሊያስይዙ ስለሚችሉ ልዩ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች) ደግሞ ያለ ልዩ ማዘዣው ቁጥር ሽያጩ እንዳያልፍ አድርገህ ዝጋው።